አጌት ፍለጋ በጣና ዙሪያ፤ ዓይኑ የሞላ ድንጋይ የት ነው?

ባሕር ዳር ላይ አጌት የተባለውን ባለመስመር የጌጥ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት እዚያው ባሕር ዳር ላይ መፈለጉ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ሐይቁ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። "አጌት የሚፈጠረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ነው" የሚለውን አንብቦ ለመጣ ሰው ደግሞ ይህ ድግስ ነው። ግማሽ ቀን ጎንበስ ቀና ስል ዋልኩ። ቀዳዳው ሁሉ ባዶ ነው። ያገኘሁት አንድ ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ስባሪ ብቻ፤ ውሃው አልስልሶት ከሩቅ ዕንቁ መስሎ አታለለኝ።

የድንጋዩ ዓይነት ልክ ነበር። ዕድሜው ነው ልክ ያልሆነው። ጣና ዙሪያ ሁለት ዓይነት ጥቁር ድንጋይ አለ፤ አሮጌና ወጣት። አጌት የአሮጌው ልጅ ነው።

ስሙ

አጌት ኳርትዝ የተባለው ጠንካራ ማዕድን ቤተሰብ ነው። በዓይን የማይለዩ ደቃቅ የኳርትዝ ክሮች ተጠቅጥቀው ሲያድጉ ኬልቄዶን የሚባል፣ እንደ ሰም ወዝ ያለው ድንጋይ ይወጣቸዋል። ይህ ድንጋይ መስመር እየሠራ፣ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ሲመጣ አጌት ይባላል። ቀዩና ብርቱካናማው ሰርድዮን ነው። ብርሃን የማያሳልፈው ዘመዳቸው ደግሞ ኢያስጲድ።

ስሞቹ እንግዳ የሆኑበት ዘጸአት 28ን ይግለጥ። በአሮን የደረት ኪስ ላይ ከተደረደሩት 12 ዕንቁዎች መካከል ኬልቄዶን፣ ሰርድዮንና ኢያስጲድ ሦስቱም አሉ። በሦስተኛው ተራ፣ መካከል ላይ፣ የአማርኛው "ኬልቄዶን" በግሪኩ "አካቴስ" ነው። አጌት የሚለው ስም የተገኘው ከዚሁ ቃል ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ቴዎፍራስጦስ እንደጻፈው ቃሉ ሲሲሊ ውስጥ ድንጋዩ ይለቀምበት የነበረ ወንዝ ስም ነው።

ገበሬው ጋ ስትደርሱ ግን አካቴስም አጌትም አይሠራም። "ባልጩት" በሉ። ባልጩት ጠንካራ የሆነ፣ ሲሰበር ስለት የሚያወጣ ድንጋይ ሁሉ ስም ነው፤ ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን ከብረት ጋር እያጋጩ እሳት ይጭሩበት ነበር። "ነጭ ባልጩት፣ ቀይ ባልጩት፣ ፀሐይ የሚያሳልፍ" ካላችሁ ሰዉ ይገባዋል።

ምድር የጋገረችው

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ መሬት ተሰነጣጥቆ ላቫ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ጎረፈ። የጎረፈው ከአንድ ተራራ አናት አልነበረም። ከስንጥቆቹ እየወጣ አገር ምድሩን አለበሰው። አብዛኛው የወጣው በ1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህ ለጂኦሎጂስት ቅጽበት ነው። አንዱ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ፣ ድርብርቡ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ የታችኛውን ድርብርብ በአሸንጌ ሐይቅ ስም ጠራው። ስሙ እስከ ዛሬ በጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ አለ።

ይህን ለመረዳት ከእንጀራ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሊጥ ምጣድ ላይ ሲፈስ ውስጡ ያለው አየር ወደ ላይ እየወጣ ዓይን ይሠራል። ከላይ ዓይናማ ይሆናል፣ ጀርባው ልሙጥ። ላቫም ጋዝ አምቆ ነው የሚመጣው። ፈሶ ሲቆም አረፋው ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ከማምለጡ በፊት ድንጋዩ ከረጋ ዓይን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ላቫ ዓይን የሚበዛው በላይኛው ገጹ ነው፤ ከሥሩም ትንሽ ይኖራል፣ መሐሉ ግን ደረቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ ሌላ እንጀራ በላዩ። ከዚያ ሌላ። የተቆረጠ ገደል ፊት ቆማችሁ ስታዩት፣ መሶቡ ከጎን ተከፍቶ እንጀራው በቁልል ይታያል።

አሁን ወጡ ይቀራል። ዝናብ በስንጥቁ ይሰርጋል። በድንጋዩና በእንጀራዎቹ መካከል በቀረው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካን፣ ኳርትዝ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር፣ ያሟሟል። ያ ውሃ ባዶ ዓይን ሲያገኝ ግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል። ሽፋን በሽፋን ላይ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ብረት ከገባበት ይቀላል ወይም ቢጫ ይሆናል። አንዳንዴ መጨረሻ ላይ መሐሉ ክፍት ይቀርና ጥርስ የመሰሉ የኳርትዝ ክሪስታሎች ያድጉበታል። ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ አብዛኛው አጌት የተሠራው ከፈላ ውሃ ባነሰ ሙቀት እንደሆነ ይታመናል። የሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

የዓለም ስመ ጥር አጌቶችም አብዛኞቹ የተወለዱት እንዲህ ባለ የላቫ ክምር ውስጥ ነው። የብራዚልና የዩራጓይ ክምር ወደ 130 ሚሊዮን ዓመት፣ የሕንዱ የደካን ክምር 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። በአሜሪካ በሱፒሪየር ሐይቅ ዙሪያ ያለው 1.1 ቢሊዮን ዓመት ደርሷል። የኛ 30 ሚሊዮን ከነሱ አንጻር ልጅ ነው፣ ግን ዓይኑን ለመሙላት በቂ ነው።

ከባሕር ዳር ያለው ድንጋይስ? እሱ ሌላ ታሪክ አለው። ከሐይቁ በስተደቡብ የነበሩት እሳተ ገሞራዎች በጂኦሎጂ አቆጣጠር ትናንት ነው የፈነዱት። ላቫቸው የውሃውን መውጫ ዘግቶ ጣናን ገደበው። ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ በዚህ ወጣት ድንጋይ ላይ እየተጓዘ ነው፤ ጢስ ዓባይ ጋ ሲደርስ 45 ሜትር ገደማ ይወድቃል። ከእነዚህ ላቫዎች የመጨረሻዎቹ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በአስር ሺህ ዓመታት ነው። ዓይናቸው ገና አልሞላም። ለወፍጮ ድንጋይ ግን ዓይናም ድንጋይ ይመረጣል፤ ቀዳዳው እያለቀም ስለት ያወጣል። ለአጌት ፈላጊ ግን፣ ዓይኑ ባዶ የሆነ ድንጋይ ካያችሁ እለፉ።

የት?

ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን። የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል ይመጣሉ፣ መገጭ ከጎንደር በኩል። ሦስቱም አሮጌውን ድርብርብ እየሸረሸሩ ነው ወደ ጣና የሚወርዱት። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመው አሞራ ገደል የዚህ አሮጌ እሳተ ገሞራ ዓለም ምስክር ነው፤ በዙሪያው የነበረው አልቆ እሱ ቀረ። ግልገል ዓባይ በአንጻሩ ከደቡብ ሲመጣ ብዙ መንገድ የሚጓዘው በወጣቱ ድንጋይ ላይ ነው። እኔ ጊዜዬን እዚያ አላጠፋም።

ከገደል ላይ መፈልፈል አያስፈልግም፤ ወንዙ ሥራውን ጨርሶታል። ጥቁር ድንጋይ ከጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። የፎገራና የደምቢያ ዋልካ፣ በክረምት ጫማ የሚያወልቀው፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው፣ ከዚሁ ድንጋይ የተገኘ አፈር ነው። አጌት ግን ኳርትዝ ስለሆነ አይበሰብስም። ቤቱ ፈርሶ አፈር ሲሆን እሱ ኮረት ሆኖ ይቀራል፣ ጎርፍ ያወርደዋል።

የሚቀጥለው ስህተት ደግሞ ወንዙ ሐይቁን እስኪነካ ድረስ መከተል ነው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ወንዙ ይደክመዋል። ጠጠሩን ከላይ ይጥልና ጭቃውን ብቻ ይዞ ጣና ይገባል። አፉ ላይ የሚጠብቃችሁ ጭቃ፣ ደንገልና እምቦጭ ነው። ከሜዳው ወደ ላይ ሂዱ፣ ወንዙ ሲታጠፍ በውስጠኛው ጎን የሚከምረውን ኮረት እዩ።

ሌላም አቋራጭ አለ። በበጋ ከወንዙ አሸዋ የሚያወጡ ወጣቶች አሸዋውን በወንፊት ይነፋሉ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ጠጠር ለነሱ ትርፍ ነው፤ ለኛ ደግሞ ተመርጦ የቀረበ ገበታ። ሰላም ብሎ፣ አስፈቅዶ፣ ቁጭ ማለት ነው።

ርብ ዳር አንድ ቀን ከብት የሚያጠጡ አንድ አባት ቆመው አዩኝ አዩኝና፣ "ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ።

"ድንጋይ ነው አባ፣ ባልጩት ቢጤ፣ ፀሐይ የሚያሳልፍ።"

"ወርቅ ነው በለኛ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ በዱላቸው ወደ አንድ ጥግ ጠቆም አድርገው፣ "እንደሱ ያለው እዚያ ነው። ልጆች ለቅልብልቦሽ ይለቅሙታል" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቅልብልቦሽ የሚጫወት ልጅ ክብ፣ ልሙጥ፣ የማይፈረፈር ጠጠር ነው የሚመርጠው። የጠቆሙኝ ቦታ ላይ ያገኘሁት የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል። ቆዳው እንደ ድንች ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ፣ አመድማ፣ ሰው ዞር ብሎ የማያየው። አንዱ ጎኑ ግን ተሸርፏል። በምራቄ አርሼ ወደ ፀሐይ ሳነሳው ጠርዙ የማር ቀለም ሆነ፤ ከውስጡ ሦስት አራት ስስ መስመሮች እንደ ጣት አሻራ ታጥፈው ታዩኝ።

እንዴት ይለያል?

የአሮጌው ድንጋይ ዓይን የሚሞላው በአጌት ብቻ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ነጭ ነገር ዚዮላይት ወይም ካልሳይት የሚባል ለስላሳ ማዕድን ነው። ሁለቱም ልብ ይሰብራሉ። በቢላ ጫፍ ጫሩት፤ ከተጫረ አጌት አይደለም። አጌት ራሱ ነው ብርጭቆን የሚጭረው። ካልሳይት መሆኑን ለማረጋገጥ ትንሽ ዱቄት አውጥታችሁ ሎሚ ጨምቁበት፣ አረፋ ያወጣል። ዚዮላይት ብዙ ጊዜ ከመሐል ወደ ዳር የተበተነ መርፌ ይመስላል። ከጠርሙስ ስባሪ ለመለየት ደግሞ ውስጡን እዩ፤ መስታወት መስመር የለውም፣ አንዳንዴም የአየር ነጠብጣብ ይታይበታል። የስልክ መብራት ከሥሩ ማብራት ለሁሉም ይጠቅማል።

ጊዜው ከክረምት በኋላ ነው። ክረምት ኮረቱን ገልብጦ አዲስ ያመጣል፣ ከኅዳር ጀምሮ ውሃው እየጎደለ ይገልጠዋል። ጥርና የካቲት ላይ ምርጥ ነው። ከቀኑ ደግሞ ጧት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ፊትን ወደሷ አዙሮ መራመድ ነው። የሚያሳልፈው ድንጋይ ከሌላው መሐል እንደ ፍም ያበራል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ድንጋይ ድንጋይ ነው።

ጣና ዳርና ገባሮቹ ላይ ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትቁሙ። ጉማሬም አለ። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ሕጉና ዋጋው

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማዕድን ቆፍሮ ለማውጣትና ለመነገድ በማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባህላዊ አምራቾችም ከዚህ አያመልጡም። ለማስታወሻ አንድ ሁለት ጠጠር ማንሳትና በማዳበሪያ ሞልቶ መጫን አንድ አይደሉም። የእርሻ ማሳ ባለይዞታ አለው፣ አስፈቅዱ። ከገዳማቱ ግቢ ደግሞ ጠጠርም አይነሳም፤ ይህን ሕግ ሳይሆን ይሉኝታ ይበቃዋል። የጣና አካባቢ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል።

ሀብታም እሆናለሁ ብሎ ለሚነሳ፣ አጌት እንደ ኦፓል አይደለም። የወሎው የወገል ጤና ኦፓል በ2008 እ.ኤ.አ. ከተገኘ በኋላ የደላንታን ኑሮ የለወጠው እዚሁ የ30 ሚሊዮን ዓመት ድርብርብ ውስጥ ካለ ስስ ንብርብር እየወጣ ነው። ሁለቱ ሥጋ ዘመድ ናቸው፤ ሁለቱም ሲሊካ። ኦፓል ውሃ አምቆ የቀረ፣ ክሪስታል ያልሠራ ሲሊካ ነው፤ አጌት ደግሞ ክሪስታል የሠራው። ገበያው ግን ለውሃማው ነው የሚያደላው። ጥሩ አጌት ቀለበት፣ ዶቃና የአንገት ጌጥ ይሆናል እንጂ ቤት አይሠራም።

የተለቀመው ድንጋይ ውበቱ የሚታየው ሲቆረጥ ነው። እብነ በረድ የሚቆርጡበት የአልማዝ ምላጭ ይቆርጠዋል፣ ግን በውሃ መሆን አለበት። በደረቁ ከተቆረጠ የሚቦነው የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ ከሻካራ ወደ ልስላሴ በደረጃ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ የመጨረሻው ወዝ ትዕግስት ነው የሚፈልገው። ከሰው ስትገዙ ደግሞ ድንጋዩን በደረቅ ጨርቅ ደህና አድርጋችሁ ጥረጉት። ያልተወለወለ አጌት ዘይት ሲቀባ የተወለወለ ይመስላል። ጨርቁ ላይ ቅባት ከቀረ፣ ስለ ዋጋው እንደገና ተነጋገሩ።