ማኅበራዊ ፍትሕ ምንድን ነው? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችስ የት ይገቡበታል?

በጎ ፈቃድ፣ እርዳታ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ። አራቱም በየዩኒቨርሲቲው ባነር ላይ እንደ አንድ ነገር ተደርገው መጻፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ቀርበው፣ ተማሪዎች ያሰባሰቡትን ያገለገለ ልብስ ለችግረኛ ቤተሰቦች ማደላቸውን የማኅበራዊ ፍትሕ ሥራ ነው ብለው አወደሱ። ልብሱ መታደሉ መልካም ነው፤ ለበረደው ሰው ጃኬት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ ከተማሪዎች ጋር የምሠራ የሕግ መምህር ነኝና አባባሉን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ተማሪው ማኅበራዊ ፍትሕን አገለገልኩ ብሎ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይሄዳል፤ ልብሱን የተቀበለችውን ሴት ግን ወር ሙሉ ሠርታ ልብስ መግዛት ለምን እንዳቃታት የጠየቃት የለም።

ማኅበራዊ ፍትሕ መብት፣ ሀብት፣ ዕድልና የመወሰን ሥልጣን በሰዎች መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ የሚመረምር፣ ክፍፍሉ ሲዛባም እንዲቃና የሚታገል ሥራ ነው። እርዳታ የጎደለውን ይሞላል። ማኅበራዊ ፍትሕ ደግሞ ጉድለቱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሰዎች ላይ የሚወድቀው ለምን እንደሆነ፣ ይህንንም የሚወስነው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ያንሳል አላልኩም። ደም ልገሳ ሕይወት ያድናል፤ ማንም ስም ባይጨምርለትም ክብሩ ሙሉ ነው። የምቃወመው የአንዱን ስም ለሌላው መስጠትን ነው፤ ያኔ ሁለተኛው ሥራ እንደተሠራ ተቆጥሮ ሳይሠራ ይቀራል።

ነገሩን ከማዕከላችን ጠረጴዛ ላይ ላሳይ። ከሚመጡልን ባለጉዳዮች መካከል የቤት ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ታሪኩ ይመሳሰላል። በደላላ ተቀጥራለች፣ የጽሑፍ ውል የላትም፣ ደመወዟን አሠሪዋ "አስቀምጥልሻለሁ" ብላ ይዛባታለች፣ አንድ ቀን ተጣልተው ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። ተማሪው ቅፁን ይሞላል፤ መቼ ተቀጠረች፣ በስንት ብር፣ ማን ያውቃል፣ ምስክር የሚሆን ጎረቤት ወይም ባለሱቅ አለ ወይ? ከዚያ አሠሪዋ ትጠራና ብዙ ጊዜ በሽምግልና መልክ ያልቃል። የተወሰነው ገንዘብ ይከፈላታል፣ ልጅቱ አመስግና ትሄዳለች። ይህ ጥሩ አገልግሎት ነው። ማኅበራዊ ፍትሕ የሚጀምረው ግን ተማሪው የዓመቱን ፋይሎች አንድ ላይ ዘርግቶ ሲያነባቸውና የሁሉም ችግር ከአንድ ቦታ እንደሚመነጭ ሲያይ ነው።

ያ ቦታ ሕጉ ውስጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ሳምንታዊ ዕረፍት ይሰጣል፤ ያለበቂ ምክንያት መሰናበትን ይከለክላል። የቤት ሠራተኛዋ ግን በዚህ ጥበቃ ውስጥ የለችም። እንደ እሷ ያለው የግል አገልግሎት ቅጥር የሚተዳደርበትን ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ ይወስናል ተብሎ ታልፏል። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 ውስጥም ነበረ። እስከዚያው የሚመለከታት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ያሉት ጥቂት አንቀጾች፣ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚኖር ከሆነ አሠሪው ማደሪያውን፣ ምግቡንና የሥራና የዕረፍት ሰዓቱን በሚመለከት ተገቢውን ጥንቃቄ ያድርግ ይላሉ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገሩም። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደውን እህቷን በተመለከተ ግን መንግሥት በ2008 አዋጅ ቁጥር 923 አውጥቶ ውሏ ቢያንስ ምን መያዝ እንዳለበት ዘርዝሯል፤ ውሉም በመሥሪያ ቤት ታይቶ እንዲጸድቅ አድርጓል። አፈጻጸሙ ምን ያህል እንደሚያንስ እዚያ የሠሩ ያውቁታል። ቢሆንም ጅዳ ለምትሠራው በወረቀት ላይ የታሰበላት ነገር አዲስ አበባ ቦሌ ለምትሠራው አልታሰበላትም።

እንግዲህ ይህን ያየ ተማሪ ከፊቱ ሌላ ዓይነት ሥራ ይከፈታል። ስማቸው የተደበቀ ፋይሎችን አጠናቅሮ ጥናት መጻፍ፣ ጥናቱን ለሚመለከተው ሚኒስቴርና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ማቅረብ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ተሰባስበው የሚነጋገሩበት የእሑድ ከሰዓት ቦታ ማመቻቸት፣ ቀለል ያለ የውል ናሙና ማዘጋጀት። አንዱም ፎቶ የሚያስነሳ ሥራ አይደለም። ውጤቱም ተማሪው ከተመረቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ለዚህ ይመስለኛል ባነር ላይ የማይወጣው።

ልዩነቱን ለተማሪዎቼ በደቦ ነው የማስረዳው። ደቦ የወጣ ሰው የራሱን ማጭድ ይዞ ይመጣል እንጂ የሰውን አይለምንም። የትኛው ማሳ እንደሚታጨድ የሚያውቀው ባለማሳው ነው፤ መጪው ነገ ሌላ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ያልደረሰ ጤፍ አያጭድም። የእኛ አገልግሎት ግን ብዙ ጊዜ ያልደረሰ ጤፍ ያጭዳል። የሴሚስተሩ ማብቂያ ስለደረሰና ሪፖርት ስለሚፈለግ ብቻ ሰፈሩ ያልጠየቀው ሥልጠና ይሰጣል፣ ማንም ያልፈለገው ግድግዳ ቀለም ይቀባል። ደቦ ላይ ባለማሳው የሚቻለውን ደግሶ ይጠብቃል፤ መጪው ለማኝ፣ እሱም ተመጽዋች አይባሉም። ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ ይመለሳል፤ ዛሬ ለእኔ የወጣ ነገ እኔ እወጣለታለሁ። ተማሪውም ከሰፈሩ የሚወስደው ብዙ ነው። በመማሪያ ክፍል የማያገኘውን ዕውቀት፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆን መረጃ፣ ለሥራ ማመልከቻው የሚሆን ልምድ ይዞ ይሄዳል። ታዲያ ጥናቱ ሲያልቅ ቅጂውን ለዕድሩ ወስዶ ያነበበ ስንቱ ነው? እስከዚህ ድረስ ደቦ የጥሩ ማኅበረሰብ አገልግሎት መለኪያ ይሆነኛል። ነገር ግን ደቦም የማይደርስበት ቦታ አለ። ደቦ የወጣው ሁሉ አጭዶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ይመለሳል፤ የዚህ ሰውዬ ማሳ ከሌሎቹ ለምን ጠበበ፣ ድንበሩንስ ማን ገፋው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ጥያቄ ሲነሳ ነው ማኅበራዊ ፍትሕ የሚመጣው።

እኚሁ አስተያየት ሰጪ በንግግራቸው መጨረሻ ላይ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ፖለቲካ ስለሆነ ተማሪ ከዚያ ይራቅ፣ በልማት ብቻ ይሳተፍ ብለዋል። እዚህ ላይ ነው በብርቱ የምለያቸው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን ያስቀምጠዋል። ምርምር ደግሞ ምክንያትን መፈለግ ነው። ተማሪ ችግሩን ይሸከም፣ ምክንያቱን ግን አይጠይቅ ማለት ዩኒቨርሲቲውን ተራ የጉልበት ማኅበር ማድረግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን መብት ይዞ የሕግ ክፍተትን ለሕግ አውጪው ማሳየት የየትኛውም ፓርቲ ሥራ አይደለም።

ታሪካችንም ቢሆን በአንድ አረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ አስገድዶ ነበር፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ነው የሄዱት። በዚያ አገልግሎት አንብበው ብቻ የሚያውቁትን የጭሰኛ ኑሮ ቀርበው ያዩ ብዙ ናቸው። በየካቲት 1957 ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ የወጡትም ስለ ክፍፍል እየጠየቁ ነበር። በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ገጠር አወረደ። ብዙ ፊደል አስቆጥሯል፣ ገበሬውን በማደራጀትም ሥራ ተሠርቷል። ግን የዘመተው ሁሉ ወዶ አልነበረም፤ ምን እንደሚሠራ የሚወስነውም ከላይ ነበር። ከሁለቱም የምወስደው፣ ጥያቄው ከሰፈሩ ካልመነጨ በፍትሕ ስም የተጀመረውም ትእዛዝ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ከሙያዬ የሚመጡ ጥቂት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ማንም ባይጠይቀኝም እናገራቸዋለሁ፤ ሰው የሚጎዳው በእነሱ ነውና። የሕግ ተማሪ ጠበቃ አይደለም። ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ ያለመምህር ክትትል የሰጠው ምክር የሰው መብት ሊያጠፋ ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው። ያለአግባብ ከሥራ የተባረረ የፋብሪካ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክሱን በሦስት ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄውን በስድስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ተማሪው በሰኔ ፈተና ላይ ሆኖ "ከክረምቱ በኋላ ይምጡ" ካለው፣ ሰውየው በመስከረም ሲመለስ በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ የመዝገብ ርክክብ የሌለው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰው የማያስቀምጥ ማዕከል ባይከፈት ይሻላል እላለሁ። አዎ፣ ከባድ ንግግር ነው።

ሌላው ፎቶ ነው። ባለጉዳይ ከተማሪ ጋር ቆማ የተነሳችው ፎቶ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ሲለጠፍ አሠሪዋም፣ ባሏም፣ የሰፈሯ ሰውም ያየዋል። የባለጉዳይን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ሀ ሁ ነው። እርዳታ የፈለገ ሰው "ፎቶ አልነሳም" ለማለት አቅም ያጣል፤ ስለዚህ ተስማምታለች የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ገንዘብ የሌለው ከሳሽም የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ስላቃተው ብቻ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድሃ ደንብ የመክሰስን መንገድ ከፍቷል። ፈቃድ ያላቸው ጠበቆችም ግዴታ አለባቸው። በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አስቀምጦ ነበር። ተማሪ ይህን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም መተው ሌላ ፍትሕ ማጓደል ነው።

ዕድሉ ያለው ለሕግ ተማሪ ብቻ አይደለም። የሕግ ተማሪው በክሊኒካል ኮርስ (በእውነተኛ ጉዳይ ላይ እየሠራ በሚማርበት ትምህርት) እና በኤክስተርንሺፕ (ከዩኒቨርሲቲው ውጭ በሚደረግ የተግባር ልምምድ) ይገባበታል፤ በጅማ ግን የጤና ተማሪዎች የጤና ሳይንስ ተቋሙ በ1975 ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ሥርዓት ነው የሚማሩት። በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌው ይወርዳሉ፣ ችግሩን ከነዋሪው ጋር ይለያሉ፣ መፍትሔ ያቅዳሉ፣ ከዚያ ይተገብራሉ። የመጀመሪያው ደረጃ መለየት መሆኑን ልብ በሉ። የውኃ ወለድ በሽታ የበዛበትን መንደር ያየ ተማሪ ክኒን ከማደል አልፎ ቦኖው ለምን ወደዚያኛው መንደር እንደተተከለ መጠየቅ ይችላል። የሂሳብ አያያዝ ተማሪ ለጉልት ነጋዴዋ የገቢና ወጪ አያያዝ ከማስተማር አልፎ፣ ግብሯ ከገቢዋ በላይ በግምት ሲጣልባት ቅሬታዋን በጽሑፍና በጊዜው እንድታቀርብ ሊረዳት ይችላል።

ለብዙዎች የማይታያቸው አንድ ቦታ ደግሞ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋንና መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ባህል በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ የክስ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከችሎቱ በፊት ያለው የፖሊስ ጣቢያ ሌሊት ግን ከሁሉ የከፋው ነው። መስማት የተሳነው ሰው ቃሉን የሚቀበል መርማሪ ፊት ዘመድ እስኪመጣ ይቀመጣል፣ ወይም ባልገባው ወረቀት ላይ ይፈርማል። የዚህ ክፍል ተማሪዎች ከሕግ ተማሪዎች ጋር ተጣምረው፣ ባለሙያ አስተርጓሚ እየተከታተላቸው ተረኛ መሆን ይችላሉ። ከተረኝነቱ ጎን ለጎንም በየትኛው ጣቢያ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት ሰው ያለአስተርጓሚ ቃሉን እንደሰጠ መዝግበው ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ማቅረብ አለባቸው። ምዝገባው ከቀረ ተረኝነቱ በጎ አድራጎት ሆኖ ይቀጥላል፤ መንግሥት መክፈል ያለበትንም አስተርጓሚ ተማሪው በነፃ እየሸፈነለት ይኖራል።