ኤኪውአይ ምንድን ነው? ማንም ያልለካው የከተማችን አየር

«አዲስ አበባ 110፣ ደብረ ብርሃን 42። ንጹሕ አየር የፈለገ ክፍለ ሀገር ይግባ!» እንዲህ ያለ የአየር ጥራት አፕ ስክሪን ሾት ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ። የከተማው ስም ይለዋወጣል። አንዱ ወልዲያን ይለጥፋል፣ ሌላው ደብረ ማርቆስን፣ ሌላው ሆሳዕናን። አንዱ አስተያየት ሰጪማ «ቁጥር አይዋሽም» ብሎ ዘጋው። የአየር ብክለት መለካት ሥራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ኤኪውአይ የአየር ጥራት ጠቋሚ ነው። ከ0 ተነስቶ እስከ 500 ይሄዳል፤ በጨመረ ቁጥር አየሩ ከፍቷል ማለት ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የሚስቱት ኤኪውአይ ራሱ ልኬት አለመሆኑን ነው። የሚለካው አየር ውስጥ ያለው ስስ ብናኝ፣ ኦዞን፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና የመሳሰለው ነው። የእያንዳንዱ መጠን በሰንጠረዥ ወደ ነጥብ ይቀየራል። ከነጥቦቹ ትልቁ፣ ማለትም የከፋው፣ ኤኪውአይ ተብሎ ይወጣል። አማካይ አይደለም። ፐርሰንትም አይደለም። በእኛ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ነጥብ የሚይዘው ፒኤም 2.5 የሚባለው ስስ ብናኝ ነው።

ሰንጠረዡን ደግሞ የሚሠራው ሰው ነው። ብዙዎቹ አፖች የአሜሪካውን ይጠቀማሉ። በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ 60 ማይክሮግራም ፒኤም 2.5 ቢኖር በአሜሪካው ሰንጠረዥ 154 ይሆናል፤ ቀይ ነው፣ ለጤና ጎጂ ማለት ነው። በህንዱ ሰንጠረዥ ያው 60 ማይክሮግራም 100 ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ሰንጠረዣቸውን አጥብቀውታል። ከዚያ በፊት 12 ማይክሮግራም 50 ነበር፤ አረንጓዴ። አሁን 56 ነው፤ ቢጫ። አየሩ ግን ያው አየር ነው። ስለዚህ የዘንድሮን ቁጥር ከሦስት ዓመት በፊቱ ጋር አስተያይቶ «ከተማችን ተበከለች» ወይም «ተሻሻለች» ከማለት በፊት ማይክሮግራሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የደብረ ብርሃኑን 42 እንዳለ ብንቀበለው እንኳ በአሜሪካው ሰንጠረዥ ወደ 7.5 ማይክሮግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የዓመት አማካይ ወሰን 5 ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ የአንድ ቀን ቁጥር ከዓመት ወሰን ጋር አይወዳደርም። የድርጅቱ የ24 ሰዓት ወሰን 15 ማይክሮግራም ነው። በኤኪውአይ ሲቀየር 62 አካባቢ ይመጣል። ቢጫውን ቀለም አይቶ «ደህና ነው» የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የሰንጠረዡ ጉዳይ አይደለም። 42 የሚለውን ቁጥር ማን ለካው? አብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ውስጥ ፒኤም 2.5 የሚለካ ቋሚ ጣቢያ የለም። አፑ ግን የከተማውን ስም ስትጽፉለት «የለም» አይላችሁም። አስልቶ ቁጥር ይሰጣችኋል። ያ ቁጥር ግምት ነው።

በጤፍ ዋጋ ላስረዳ። መርካቶ ጤፍ ስንት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ወልዲያ ሳይሄድ የወልዲያውን ዋጋ መገመት ይችላል። ርቀቱን ያውቃል፣ የጭነቱን ኪራይ ያውቃል፣ የአምናውን ዋጋ ያስታውሳል። ደምሮ ቀንሶ አንድ ቁጥር ይነግራችኋል። መጥፎ ግምት ላይሆን ይችላል። ግን ወልዲያ ገበያ ላይ ቆሞ «ስንት ነው?» ያለ ሰው የለም። አፑ ጀርባ ያለው ሞዴል፣ ማለትም የኮምፒውተር ስሌት፣ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የሚጨምርለት ሳተላይት ደግሞ ማሳውን ከአውሮፕላን አይቶ «ዘንድሮ ሰብሉ ጥሩ ነው» እንደሚል ሰው ነው። ያየው እውነት ነው። ቅዳሜ ገበያው ላይ ጤፉ ስንት እንደተሸጠ ግን አላየም። ሳተላይቱም የሚያየው ከምድር እስከ ሰማይ ያለውን ብናኝ በጅምላ ነው፤ በአፍንጫችን ቁመት ያለውን ለይቶ አይደለም። ክረምት ላይ ደመና ሲሸፍነው ማሳውም አይታይም። በዚያ ላይ ግምቱ ለወልዲያ ብቻ ተብሎ አይወጣም። በሰፊው የሚሠራበት የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ዓለም አቀፍ ሞዴል አገሩን የሚከፋፍለው በየጎናቸው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ነው። የከተማውን ገበያና የዙሪያውን የገጠር ገበያ ሁሉ አንድ ዋጋ እንደመስጠት ነው። ሌላም አለ። የመርካቶው ዋጋ ራሱ አሁን እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በመሣሪያ የሚለካውን ፒኤም 2.5 ለዓመታት ለሕዝብ ሲያወጣ ቆይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የየኤምባሲዎቹን መረጃ ማጋራት አቆመ። ግምቱ የሚታረምበት አንድ አስተማማኝ መረጃ ጎደለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ የተጠጋው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይተኛበታል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይነሳም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተማው ላይ ውጡና ተመልከቱ። ከየማድ ቤቱ የሚወጣው የኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ትንሽ ሽቅብ ይሄድና ጣሪያ ለጣሪያ ይነጠፋል። ወደ ደሴ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ሞተራቸውን እያሞቁ ይጨምሩበታል። ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ መሬቱ ይሞቃል፤ ክዳኑ ይከፈታል፤ ጭሱ ይበተናል። ማታ እራት ሲበሰል ደግሞ እንደገና።

ብናኝ ከሚያዩት ዋና ዋና ሳተላይቶች አንዳንዶቹ የሚያልፉት ረፋዱ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ከቀኑ 7፡30 ገደማ። ይህ አየሩ ከሁሉ የተሻለበት ሰዓት ነው። ተማሪው ትምህርት ቤት በሚሄድበት፣ እናቶች እሳት ሥር ጎንበስ በሚሉበት ሰዓት ሳተላይቱ እዚያ የለም። ሞዴሉ የጠዋቱንና የማታውን ጭስ በስሌት ለመሙላት ይሞክራል። ግን የትኛው ሰፈር ኩበት፣ የትኛው ሰፈር ኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሚጠቀም የሚነግረው የለም።

ኅዳር 12ን ውሰዱ። «ኅዳር ሲታጠን» ብለን በየደጁ ቆሻሻ የምናቃጥልበት ቀን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያኔ ሰው በሽታውን በጭስ ለማባረር ሲል ነበር የሚያጥነው። ዛሬ የምናቃጥለው ፌስታልና የውሃ ኮዳ ነው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ልጆች ያስላል። በዚያን ቀን ከሰፈራችሁ ጭስ መሀል ሆናችሁ አፑን ክፈቱት። ቁጥሩ ከትናንቱ ምንም የተለየ ላይሆን ይችላል። ሞዴሉ በየደጃችን እሳት መለኮሱን ማወቂያ የለውም።

«ቁጥር አይዋሽም» ያሉት ሰው አንድ እውነት ይዘዋል። ትንንሽ ከተሞች መኪናቸው ጥቂት ነው፤ የአዲስ አበባን ዓይነት መጨናነቅ የለባቸውም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ትብሳለች እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ ከተማ በእርግጥም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ግን ሳይለካ «ንጹሕ ነው» ሲባል ጉዳት አለው። በጀት የሚመድበው ሰው «እዚያ ችግር የለም» ብሎ ያልፈዋል። ጤና ጣቢያ ልጇን በሳል ይዛ የምትመጣዋ እናትም «ብርድ ነው» ተብላ ትመለሳለች። ስለ ማድ ቤቷ ጭስ የሚጠይቃት የለም። እንጀራ በእንጨት በሚጋገርበት ዝግ ማድ ቤት ፒኤም 2.5 በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ማይክሮግራም ይደርሳል። ኤኪውአይ ደግሞ የሚናገረው ስለ ውጭ አየር ብቻ ነው። ማድ ቤቱን አያውቀውም።

«ታዲያ ርካሹን የብናኝ መለኪያ ሴንሰር ገዝተን እንስቀል» የሚሉ አሉ። ደስ ይለኛል፤ ስቀሉ። ግን እነዚህ ሴንሰሮች ብናኝ የሚቆጥሩት በብርሃን ነው። ጉም ሲኖር የውሃውን ጠብታ ብናኝ ነው ብለው ቁጥሩን ያንሩታል። ተቃራኒውም አለ። ወፍራሙን የመንገድ አቧራ በደንብ አያዩትም፤ ሰመራ ላይ አቧራ ሰማዩን ሲሸፍነው ትንሽ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ መለኪያ መሣሪያ አጠገብ ለሳምንታት አስቀምጦ ማስተካከል ግድ ነው። ከማድ ቤት ጭስ መውጫ አጠገብም አትስቀሉት፤ የሰፈሩን ሳይሆን የዚያን ቤት እሳት ነው የሚነግራችሁ።

አፑን ለምትጠቀሙ ደግሞ፣ ስክሪን ሾቱን ከመለጠፋችሁ በፊት ቁጥሩን ተጫኑት። የጣቢያ ስም ካለው የት እንዳለና መጨረሻ የለካው በስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ። ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ምልክት ወይም «በሳተላይት» ወይም «በሞዴል የተሰላ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ካለ ከተማችሁ ውስጥ የለካ ማንም የለም። ከለጠፋችሁትም ያንን ትንሽ ጽሑፍ ሳትቆርጡ ለጥፉት።