የጃቫ መተግበሪያ የራስ መግቢያ ገጽ፦ አሠራሩ፣ ብልሽቶቹና የድሬዳዋ ስሞች

የመግቢያ ገጽ ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሞልቶ ወደ ሥርዓቱ የሚዘልቅበት ገጽ ነው። በጃቫ ዓለም የሰርቭሌት መስፈርት (የጃቫ ድረ ገጽ ፕሮግራሞች የሚከተሉት የጋራ ደንብ) ለዚህ አራት ዘዴዎችን ያስቀምጣል፤ ቤዚክ፣ ዳይጀስት፣ ፎርምና የደንበኛ ሰርተፍኬት። ቤዚክ ብራውዘሩ ራሱ የሚያወጣው ትንሽ ሳጥን ነው። አርማ አይለጠፍበትም፣ ማብራሪያ በአማርኛ አይጻፍበትም፣ ደህና የመውጫ መንገድም የለውም። አንድን ኮምፒውተር ሦስት አራት ሰው በፈረቃ በሚጠቀምበት ቢሮ ይህ የመጨረሻው ጉድለት ብቻውን ቤዚክን ለመተው ይበቃል። «የራስ መግቢያ ገጽ» ሲባል እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ የፎርም ዘዴ፣ ዴቨሎፐሩ ራሱ የሚሠራው ገጽ፣ ማለት ነው።

ገጹን ማሳመር የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስቸግረው ፎርሙ ከሰርቨሩ ጋር፣ ሰርቨሩ ደግሞ ከሰዎቹ ስም ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶባት የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናት፤ በከዚራም በመጋላም ሰፈር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪው አንድ መስኮት ፊት ይሰለፋል፤ ስሙም በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ተጽፎ ይመጣል።

ቶምካት ራሱ ሲያረጋግጥ

ቶምካት የጃቫ ድረ ገጾችን የሚያስተናግድ ሰርቨር ነው። የመተግበሪያው ቅንብር በሚጻፍበት በዌብ ዶት ኤክስኤምኤል ፋይል የማረጋገጫ ዘዴው ፎርም ተብሎ ይሞላል፤ ከሥሩ የመግቢያ ገጹና የስህተት ገጹ አድራሻ ይገባል፤ ሁለቱም በእዝባር ይጀምራሉ። ቀጥሎ የትኞቹ አድራሻዎች እንደሚጠበቁና የትኛው ሮል (የተጠቃሚ የሥራ ድርሻ) እንደሚገባባቸው ይጻፋል። ፎርሙ በፖስት ዘዴ የሚላከው «ጄ አንደርስኮር ሰኪዩሪቲ አንደርስኮር ቼክ» ወደሚባለው አድራሻ ነው። የሁለቱ መሙያ ሳጥኖች ስምም በመስፈርቱ የተቆረጠ ነው፤ «ጄ አንደርስኮር ዩዘርኔም» እና «ጄ አንደርስኮር ፓስወርድ»፣ ሁሉም በትንንሽ ፊደል። አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ከተዛነፈ 404 (ገጹ አልተገኘም) ይመጣል። የሳጥኑ ስም ከተዛነፈ ግን ምንም የተለየ ምልክት አይታይም፤ ትክክለኛው ይለፍ ቃል እየተጻፈ «ተሳስተዋል» ይባላል። ስለዚህ ዳታቤዙን ከመመርመር በፊት እነዚህን ሁለት ስሞች ማየት ብዙ ሰዓት ያድናል።

ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። ጥበቃው መላውን መተግበሪያ እንዲሸፍን ሲደረግ የገጹን መልክ የሚወስነው የስታይል ፋይልና ሥዕሎቹም አብረው ይቆለፋሉ። ገጹ ቀለምና አርማ አጥቶ ይከፈታል፤ ይባስ ብሎ ሰውየው በትክክል ሲገባ ከዋናው ገጽ ፈንታ የስታይል ፋይሉ ጽሑፍ ፊቱ ይደቀናል። ቶምካት ሰው ከመግባቱ በፊት የጠየቀውን የተቆለፈ አድራሻ በሴሽኑ (ሰርቨሩ ለያንዳንዱ ጎብኚ በሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይዞ ከገባ በኋላ ወደዚያው ይመልሰዋል፤ እዚህ ላይ መጨረሻ የተጠየቀው የተቆለፈው ስታይል ፋይል ነበር። መድኃኒቱ ስታይሉንና ሥዕሎቹን በተለየ ማኅደር አስቀምጦ ያንን ማኅደር ከጥበቃው ነፃ ማድረግ ነው።

የመግቢያ ገጹን ቡክማርክ አድርጎ በቀጥታ የሚከፍት ሰው የሚገጥመው 400 ቁጥር (የተሳሳተ ጥያቄ) ስህተትም ከዚሁ ይመነጫል፤ የተያዘ አድራሻ ስለሌለ ቶምካት የት እንደሚመልሰው አያውቅም። ገጹን ከፍቶ ሻይ ለመጠጣት ወጣ ብሎ ሴሽኑ ካለቀ በኋላ የሚልክ ደግሞ 408 (ጊዜው አልፏል) ያገኛል። ቶምካት ሲጫን የሚሰጠው የሴሽን ዕድሜ 30 ደቂቃ ነው። በፎርም ማረጋገጫው ቫልቭ (ቶምካት ጥያቄን በሚያሳልፍበት ክፍል) ላይ «ላንዲንግ ፔጅ» የሚለው ቅንብር ከተሞላ ሁለቱም ሰዎች በስህተት ቁጥር ፈንታ ወደ ዋናው ገጽ ይላካሉ። ይህች አንዲት መስመር የማትዘለል ናት።

ለቶምካት 9 የተጻፈ መተግበሪያ በቶምካት 10 ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ኮዱ የሚጠራቸው ጥቅሎች (የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች) ስም ከ«ጃቫክስ» ወደ «ጃካርታ» ተለውጧል።

በስፕሪንግ ሰኪዩሪቲ

ስፕሪንግ ሰኪዩሪቲ ማረጋገጫውን በቶምካት ፈንታ በመተግበሪያው ውስጥ የሚሠራ የተዘጋጀ ኮድ ነው። በስፕሪንግ የመግቢያ ገጹ አድራሻ በፊልተር ሰንሰለቱ (ጥያቄዎች በየተራ በሚያልፉባቸው መመርመሪያዎች) ውስጥ ይነገራል፤ ለሁሉም ክፍት መሆኑም አብሮ ይጻፋል። ይህ ሁለተኛው ሲረሳ ገጹ ራሱ መግቢያ ይጠይቃል፤ ብራውዘሩም «ከመጠን በላይ ተዘዋወረ» ብሎ ይቆማል። ፎርሙ የሲኤስአርኤፍ ቶከን (ከራሱ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ) ካልያዘ መልሱ 403 (ክልክል ነው) ነው፤ ቶከኑ የሚቀመጠው በሴሽኑ ስለሆነ ገጹ ብዙ ሰዓት ተከፍቶ ሲቆይም ያው ይሆናል። የይለፍ ቃሉ ሀሽ (ወደ ዋናው የማይመለስ የተቀየረ ቅጂው) ፊት በቅንፍ ሀሹ የተሠራበት ስልት ስም ከሌለ ደግሞ «ለዚህ መለያ ኢንኮደር የለም» የሚል ስህተት ይወጣል፤ ከአሮጌ ዳታቤዝ የተገለበጠ ሠንጠረዥ ላይ የተለመደ ነው። የቆዩ ማስተማሪያዎች የሚያሳዩት የኮንፊገሬሽን ወላጅ ክላስ ከስፕሪንግ ሰኪዩሪቲ ስሪት 6 ጀምሮ ተወግዷል።

ፊደሉ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ የጃቫ ሰርቨሮች ግን ከፎርም የሚመጣን ጽሑፍ ለረጅም ዘመን በላቲን 1 (የምዕራብ አውሮፓን ፊደላት ብቻ በሚያውቀው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም የፊደል መመዝገቢያ ስልት) ሲያነቡ ኖረዋል። በዚህ ጊዜ «ከድር» ብሎ የጻፈ ሰው ስሙ ተመሰቃቅሎ ይደርሳል። ዴቨሎፐሩ ዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድን ኢንኮዲንግ) የሚያስገድድ ፊልተር ይጨምራል፤ ሌሎቹ ገጾች ይስተካከላሉ፣ መግቢያው ግን እንደተበላሸ ይቀራል። ምክንያቱ ቶምካት መግቢያውን የሚመረምረው ፊልተሮቹ ከመነሳታቸው በፊት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ኢንኮዲንጉ በዚያው በፎርም ማረጋገጫው ቫልቭ ላይ መሞላት አለበት። ዳታቤዙም እንዲሁ ነው። ዓምዱ በላቲን 1 ከተሠራ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ወይ ስህተት ይሰጣል ወይ በያንዳንዱ ፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል፤ ያኔ «ከበደ» እና «አበበ» እኩል ሦስት የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ።

ቀጥሎ የሞክሼ ፊደላት ጣጣ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገባትን ሠራተኛ እሷ «ጸሀይ» ብላ ልትገባ ትሞክራለች፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ጥሩው መላ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ለዕይታ ማስቀመጥ፣ ጎን ለጎን ግን ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተመለሱበትን ቅጂ ለመፈለጊያ መያዝ ነው። ሃ፣ ሓ፣ ኃና ዓም አይዘነጉ። ይለፍ ቃል ላይ ግን ይህ አይደረግም።

በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የሚጻፉ አንዳንድ የኦሮምኛ ቃላት ሁዻ የምትባል፣ የነጠላ ጥቅስ ምልክት የምትመስል ጭረት (') አላቸው። ስሙን በጥቅስ ምልክት መሃል ለጥፎ የዳታቤዝ ጥያቄ የሚሠራ ኮድ እዚህ ጭረት ላይ ይሰበራል፤ በዚያው ስንጥቅ ሌባም ይገባል። ጭረቷን ከስም ላይ መሰረዝ መፍትሔ አይደለም፤ የሰው ስም ነውና። ፕሪፔርድ ስቴትመንት (ስሙን ከዳታቤዝ ጥያቄው ለይቶ የሚልክ ዘዴ) መጠቀም ነው መፍትሔው።

ቢክሪፕት የተባለው የሀሽ ስልት የሚያየው የይለፍ ቃሉን የመጀመሪያ 72 ባይት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ገደቡ 24 ፊደል ላይ ይደርሳል። የቆዩ የስፕሪንግ ስሪቶች ትርፉን ዝም ብለው ይተዉታል፣ አዲሶቹ ስህተት ይሰጣሉ፤ ገጹ ገደቡን አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። የይለፍ ቃል በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚጻፍ ኪቦርዱ በአማርኛ እንደቀረ የማያውቅ ሰው አምስት ጊዜ ተሳስቶ ይቆለፋል። «የይለፍ ቃሉን አሳይ» የሚል ቁልፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የገጹ መልእክቶች በየቋንቋው በፕሮፐርቲስ ፋይል ይቀመጣሉ። ከጃቫ 9 ወዲህ እነዚህ ፋይሎች በዩቲኤፍ 8 ይነበባሉ፤ በጃቫ 8 ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ቁጥሩ መለወጥ አለበት።

መቆለፍና መውጣት

የቶምካት ሎክአውት ሪልም (ደጋግሞ የተሳሳተን የሚቆልፈው ክፍል) ሳይነካ ከተተወ ከአምስት ስህተት በኋላ ለ300 ሴኮንድ ይቆልፋል። ለተቆለፈው ሰው «እስከ 9:00 ይጠብቁ» አይባልም፤ የሰርቨሩ ሰዓትና የኛ አቆጣጠር በስድስት ሰዓት ይለያያሉና። «5 ደቂቃ ይጠብቁ» ለማንም ግልጽ ነው። የስህተቱ መልእክት ስሙ ይሁን ይለፍ ቃሉ እንደተሳሳተ አይለይ፤ ከለየ የሠራተኞችን ስም ለሚፈልግ ሰው ዝርዝር መስጠት ነው። ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው ግንኙነት) በመግቢያው ገጽ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል፤ አለዚያ የሴሽኑ ኩኪ (ብራውዘሩ የሚይዘው የሴሽኑ መለያ) በገሃድ ይጓዛል። ኩኪው ኤችቲቲፒ ኦንሊ (ስክሪፕት የማያነበው) እና ሴኪዩር (በኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚላክ) ይባል፤ ሴሽኑም በኩኪ ብቻ እንዲያዝ ይወሰን፤ ካልሆነ መለያው አድራሻው ላይ ተለጥፎ በቴሌግራም ሊንክ ለሌላ ሰው ይደርሳል።

መውጫው ወደ መግቢያ ገጹ የሚመልስ ተራ ሊንክ ብቻ ከሆነ ሴሽኑ በሕይወት አለ። ሴሽኑን በኮድ ማፍረስ፣ የተጠበቁት ገጾችም በብራውዘሩ እንዳይከማቹ «ኖ ስቶር» የሚለውን ማዘዣ መላክ ያስፈልጋል። ያለዚህ ቀጣዩ ባለ ፈረቃ ወደኋላ መመለሻውን አንዴ ሲጫን የቀደመው ሠራተኛ ሲያየው የነበረውን መዝገብ እንዳለ ያገኘዋል።