የሲጋራ ገንዘብና የመኪና ውድድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የድሮ የፎርሙላ ዋን ቪዲዮ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ቀይና ነጭ ማክላረን፣ ጥቁርና ወርቃማ ሎተስ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ ሎተስ። የሲጋራ ፓኮ ጎማ ተገጥሞለት የሚሮጥ ነው የሚመስለው። ስለዚያ ዘመን ብዙ ይወራል። ከሚወራው ውስጥ ግን እኔም ራሴ ለዓመታት ያመንኩት ስህተት አለበት። አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ስፖንሰር የሚባለውን ነገር ያመጡት የሲጋራ ኩባንያዎች ናቸው»

አይደለም። ድሮ መኪኖቹ የሚቀቡት በአገራቸው ቀለም ነበር። እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ጣሊያን ቀይ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ። ያ ማለት ግን ከጀርባ ከፋይ አልነበረም ማለት አይደለም። የነዳጅና የጎማ ኩባንያዎች ገንዘብ ያፈሱ ነበር። በ1960 ደግሞ ዮማን ክሬዲት የተባለ አበዳሪ ድርጅት በራሱ ስም የሚጠራ ቡድን ነበረው። ሲጋራ ገና ደጃፉ ላይ አልደረሰም።

በ1968 ግን ደንቡ ላላ። የመኪናውን ገላ ለፈለጉት ድርጅት ማከራየት ተቻለ። እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት ይከተላል፤ «ሲጋራ የቀባው የመጀመሪያው ሎተስ ነው» ይባላል። በፎርሙላ ዋን የቀደመው ሌላ ነው። ልክ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ላይ፣ የሮዴሺያው (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ጆን ላቭ ጋንስተን በሚባል ሲጋራ ቀለም ተወዳደረ። ሎተስ በጎልድ ሊፍ ሲጋራ ቀይ፣ ነጭና ወርቃማ ቀለም በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ውስጥ የታየው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ስፔን፣ ሃራማ ላይ። ግራሃም ሂል በዚያ መኪና አሸነፈ። ሰው ያስታወሰው አሸናፊውን ነው። ስለዚህ ክብሩም ወቀሳውም ለሎተስ ሄደ።

«ፍጥነትና ጀብዱ ስለወደዱ ነው የገቡት»

ይህን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ቢናገሩት አይገርመኝም። የዘመን ቅደም ተከተሉን ስታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብሪታንያ የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ያስወጣችው በ1965 ነው። አሜሪካ ከሬዲዮም ከቴሌቪዥንም ያገደችው ከጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ጀምሮ ነው። ትልቁ በር ተዘጋ። የማስታወቂያው በጀት ግን አሁንም ካዝና ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጁኒየር ጆንሰን የተባለው የቀድሞ ተወዳዳሪና የቡድን ባለቤት፣ ለአንዲት መኪናው ስፖንሰር ፍለጋ ዊንስተን ሲጋራን ወደሚያመርተው አር ጄ ሬይኖልድስ ሄደ። ኩባንያው ግን የት ላውለው የሚለው ብዙ ገንዘብ ነበረው። አንድ መኪና ምን ያደርግለታል? ሙሉ ሻምፒዮናውን ስፖንሰር አደረገ። እገዳው በጀመረበት በ1971 ውድድሩ የዊንስተን ሲጋራን ስም ያዘ። ዊንስተን ካፕ የሚለው ስም እስከ 2003 ቆየ። ከ30 ዓመት በላይ ማለት ነው። የስፖርት ጋዜጠኛው ውጤት ባነበበ ቁጥር የሲጋራውን ስም በነጻ ይጠራል። ማን ይከለክለዋል? የሻምፒዮናው ስም ነዋ!

ይህ ሁሉ ምን ያህል ያስገኝ ነበር? አለን ብለም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቁጭ ብሎ ቆጠረው። በ1989 የተካሄደውን የማርልቦሮ ግራንድ ፕሪ የቴሌቪዥን ስርጭት ወሰደ። የ94 ደቂቃ ስርጭት ነው። የማርልቦሮ ስም ወይም አርማ በመኪና ላይ፣ በአጥር ላይ፣ በልብስ ላይ፣ በአስተያየት ሰጪው አፍ ላይ ስንት ጊዜ መጣ? 5,933 ጊዜ። በሰከንድ አንድ ጊዜ እንደማለት ነው። ከ94 ደቂቃው ውስጥ 46ቱን ስሙ ስክሪኑ ላይ ነበር። ውጤቱ በ1991 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጣ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ከታገደ 18 ዓመት ባለፈው አገር ነው። ሕጉ አልተጣሰም። ካሜራው መኪና ነው የቀረጸው።

«ገንዘብ ሰጥተው ዳር ቆሙ እንጂ ስፖርቱ ውስጥ እጃቸው አልነበረም»

የማርልቦሮ ባለቤት ፊሊፕ ሞሪስ ማክላረንን ከ1974 እስከ 1996 ደግፏል። በ1980 ማክላረን ውጤት ሲያጣ፣ ቡድኑ ፕሮጀክት ፎር ከተባለው የሮን ዴኒስ የውድድር ቡድን ጋር እንዲዋሃድ ግፊት ያደረገው የማርልቦሮው ሰው ጆን ሆጋን ነበር። ከዚያ ውህደት በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ሻምፒዮኖቹ ላውዳ፣ ፕሮስት፣ ሴና። እንግዲህ ይህ ዳር መቆም ከተባለ...

ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ ደግሞ ጭራሽ ቡድን ገዛ። ቲረልን ገዝቶ በ1999 ብሪቲሽ አሜሪካን ሬሲንግ ብሎ ብቅ አለ። ሐሳቡ አንዱን መኪና በላኪ ስትራይክ ሲጋራ፣ ሌላውን 555 በሚባለው ሲጋራ ቀለም መቀባት ነበር። የአንድ ቡድን መኪኖች መመሳሰል አለባቸው ተብሎ ተከለከለ። መፍትሔያቸው አሳቀኝ፤ ያንኑ መኪና ግራና ቀኝ ከፍለው ሁለቱንም ቀቡት፣ መሐሉ ላይ ዚፕ ሳሉበት። በዚያ ዓመት ያገኙት ነጥብ ዜሮ ነው። የቀድሞው ሻምፒዮን ዣክ ቪልነቭ እየነዳላቸው!

«አጫሹን ብራንድ ያስቀይራል እንጂ አዲስ አጫሽ አይፈጥርም»

የኩባንያዎቹ የዘወትር መከራከሪያ ይህ ነበር። በ1997 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት የ12 እና የ13 ዓመት ወንድ ልጆችን ተከታትሏል። የመኪና ውድድር የሚወዱት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ሲጋራ የመግባት ዕድላቸው ወደ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጥናት ብቻውን ሁሉን ነገር አያረጋግጥም። የውድድር ፍቅርና ድፍረት አብረው የሚሄዱ ጠባዮች ናቸው ብሎ መከራከርም ይቻላል። ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ የሚቀይረው ብራንድ የለውም።

«አርማው ሲነሳ ማስታወቂያውም ቀረ»

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ብልጠቱ ግን ያስቃል።

በአንዳንድ አገሮች፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በጀርመን፣ የሲጋራ ስም ይዞ መሮጥ ክልክል ነበር ወይም ተገድቧል። ቡድኖቹ እዚያ ሲደርሱ ስሙን ያነሳሉ። ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። ማክላረን ዌስት የሚለውን ሲጋራ ስም አንስቶ በዚያው የፊደል ቅርጽ፣ በዚያው ቦታ፣ የአሽከርካሪዎቹን ስም ይጽፋል፤ ሚካ፣ ዴቪድ። ከሩቅ ያየ ሰው ልዩነቱን አያውቅም።

የጆርዳን ቡድን ግን ከሁሉም ባሰ። ስፖንሰሩ ቤንሰን ኤንድ ሄጅስ ነው፣ መኪናው ቢጫ። በ1997 መኪናው አፍንጫ ላይ እባብ ሳሉና ጥቂት ፊደላት ቀያይረው «ቢትን ኤንድ ሂሲስ» ብለው ጻፉ፤ መንከስና ማፏጨት እንደማለት። በቀጣዩ ዓመት እባቡ ተርብ ሆነ። ጽሑፉም «በዚን ሆርኔትስ» ተባለ፤ የሚጮኹ ተርቦች። ከቤንሰን «በ»ን፣ ከሄጅስ «ሀ»ን ጠብቀው የቀረውን እንዳሻቸው ሞሉት። ሕጉ የከለከለው ቃሉን ነው። ዓይን ግን የለመደውን ራሱ ይሞላል። ክልከላው እንዲያውም ወሬ ፈጠረላቸው። ልጆች «ዛሬ ምን ጽፈው ይሆን?» ብለው የሚጠብቁት ማስታወቂያ በየትኛውም ገንዘብ አይገኝም።

ፌራሪ ደግሞ የማርልቦሮን ስም ካነሳ በኋላ ባርኮድ የሚመስል ነገር ለጠፈ። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ቋሚ መስመሮች። በፍጥነት ሲያልፍ የሲጋራውን ፓኮ ይመስላል ተብሎ የጤና ባለሙያዎች ጮኹ። ፌራሪ ግንኙነት የለውም አለ። በግንቦት 2010፣ ከስፔን ውድድር በፊት፣ ባርኮዱ ተነሳ። የቡድኑ ኦፊሴላዊ ስም ግን «ስኩደሪያ ፌራሪ ማርልቦሮ» እንደሆነ እስከ ሐምሌ 2011 ቀጠለ። መኪናው ላይ የማይጻፍ ስም በየዝርዝሩና በየመግለጫው ይጻፍ ነበር።

«ማርልቦሮ ቀይ ስለሆነ ፌራሪ ቀይ ሆነ»

ወደኋላ ነው የተነበበው። ቀይ የጣሊያን የውድድር ቀለም የሆነው ማርልቦሮ ወደ ውድድር ከመግባቱ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። ሲጋራው ዕድለኛ ሆኖ ቀለሙን ተዘጋጅቶ አገኘው።

«በአንድ ቀን በዓለም ዙሪያ ታገደ»

በአንድ ቀን የተጠናቀቀ ነገር የለም። እየተንፏቀቀ ነው የወጣው።

ከሁሉም የሚታወሰው የብሪታንያው ጉድ ነው። በ1997 የሌበር ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የትምባሆ ማስታወቂያን እንደሚያግድ ቃል ገብቶ ነበር። በኅዳር ላይ ግን መንግሥት ፎርሙላ ዋን ከእገዳው ውጭ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ የፎርሙላ ዋኑ ጌታ በርኒ ኤክልስተን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለፓርቲው 1 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሰጠ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ራሱን እስከመከላከል ደረሰ። ገንዘቡም ተመለሰ።

የአውሮፓ ኅብረት በ1998 ያወጣውን መመሪያ ጀርመን ተቃውማ ፍርድ ቤት ወሰደችው። በ2000 መመሪያው ተሻረ። አዲሱ በ2003 ወጥቶ በሐምሌ 31 ቀን 2005 ሥራ ላይ ዋለ። በመሐል ቤልጂየም በራሷ ሕግ ቆርጣ በመነሳቷ የ2003 ውድድሯን አጣች። ስፓ የሚባለውን የቤልጂየም ትራክ የመሰለ ቦታ በሲጋራ ምክንያት አንድ ዓመት ዝም አለ! የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ በየካቲት 2005 ጸና። አሜሪካ ፈርማለች፤ እስካሁን ግን አላጸደቀችውም። የሲጋራ ብራንድ ስፖርትን ስፖንሰር ማድረግ በአሜሪካ በፌደራል ደረጃ የቆመው በ2010 ነው።

የውድድሩ የበላይ አካል ፊያስ? ብዙ ሰው «ፊያ ከልክሎታል» ይላል። ፊያ በ2000 ከ2006 መጨረሻ በኋላ እከለክላለሁ ብሎ ነበር። በ2003 ክልከላው ወደ ምክር ወረደ። ያቆሙት በየአገሩ የወጡት ሕጎች ናቸው።

«አሁን ግን ሙሉ በሙሉ አልቋል»

በበር ሲያስወጡት በመስኮት ማለት እንዲህ ነው። በጥቅምት 2018፣ ጃፓን ላይ፣ ፌራሪ «ሚሽን ዊኖው» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ መጣ። የጽሑፉ ባለቤት ፊሊፕ ሞሪስ ነው። የሲጋራ ስም የለበትም፤ ኩባንያው ስለ ሳይንስና ስለ ለውጥ ነው የማወራው አለ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ምርመራ ሲጀመር፣ ፌራሪ ለሜልቦርኑ ውድድር ጽሑፉን አንስቶ የ90ኛ ዓመት አርማ ለጠፈ። በ2019 ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮም በማክላረን በኩል ተመለሰ፤ መፈክሩ «የተሻለ ነገ» የሚል ነው። ከዚያ ቀጥሎ መኪናው ላይ የታዩት ቪዩዝና ቬሎ ናቸው። አንዱ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሌላው ከንፈር ስር የሚያዝ የኒኮቲን ከረጢት።

ይህ ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት አለው ወይስ የለውም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ማየት የሚችለው ማነው? ውድድሩን የሚከታተሉ ልጆች ዛሬም አሉ።

«ያለ ሲጋራ ገንዘብ ማሸነፍ አይቻልም ነበር፣ ስፖርቱም ይሞት ነበር»

ገንዘቡ ትልቅ ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ጃኪ ስቱዋርት በ1971 እና በ1973 ሻምፒዮን የሆነው ኤልፍ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በሚደግፈው ቲረል ነው። የዊሊያምስ ቡድንም በ1980 ዋንጫ ሲወስድ ዋና ስፖንሰሩ የሳዑዲ ገንዘብ ነበር። ሲጋራው ሲወጣም ወረፋ የሚጠብቅ አልጠፋም። በ2007 ማይልድ ሰቨን የተባለው ሲጋራ የሬኖን ቡድን ሲለቅ ቦታውን አይኤንጂ ባንክ ያዘው፤ ማክላረን ላይ የስልክ ኩባንያው ቮዳፎን ገባ። ሆንዳ፣ ቢኤምደብሊውና ቶዮታ በ2008 እና በ2009 ጥለው የወጡት የዓለም ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ነው።

ዊሊያምስ በ1990ዎቹ ውስጥ ካሜል፣ ሮትማንስና ዊንፊልድ ከተባሉ ሲጋራዎች ገንዘብ በልቷል፤ ንጹሕ ነኝ ማለት አይችልም። ከ2000 ጀምሮ ግን ሲጋራን ተወ። በ2003 ፌራሪ በማርልቦሮ፣ ማክላረን በዌስት፣ ሬኖ በማይልድ ሰቨን፣ ጆርዳን በቤንሰን ስም ሲሰለፉ፣ ዊሊያምስ ኒኩዊቲን የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ከጎናቸው ቆመ። ኒኩዊቲን ሲጋራ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች የሚሸጥ መድኃኒት ነው።