ፔሪዮዶንታይተስ ምንድን ነው? አጥንቱንስ የሚበላው ማን ነው?

ጥርሱ የተነቃነቀ ሰው የሚወቅሰው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ግን አንድም ቀዳዳ የሌለው፣ ነጭና ደህና ሊሆን ይችላል። የጎደለው ጥርሱን አቅፎ የያዘው የመንጋጋ አጥንት ነው። ይህ አጥንት ከድድ መቆጣት የተነሣ እየተመናመነ የሚሄድበት በሽታ ፔሪዮዶንታይተስ ይባላል።

አጥንቱን ማን በላው ሲባል ብዙ ሰው ባክቴሪያን ይከሳል። ባክቴሪያ በርግጥ ጠብ ጫሪው ነው፤ አጥንቱን የሚያፈርሱት ግን የራሳችን ሴሎች ናቸው።

ጠቡ የሚጫረው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ በሚጋገረው ባክቴሪያ የሞላበት ለስላሳ ቆሻሻ፣ በፕላክ ነው። የድድ በሽታ ተመራማሪው ሃራልድ ሎኤና ባልደረቦቹ በዴንማርክ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ውጤት መሠረት ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ ዳነ። ይህ ደረጃ ጂንጂቫይተስ ነው። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ብሩሽ ወይም መፋቂያ ሲነካው ይደማል፤ አጥንቱ ግን ገና ደህና ነው።

ቆሻሻው ሳይነሣ ሲቆይ፣ በአንዳንዶች ላይ ነገሩ ይከፋል። እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚለቁትን ነገር የመከላከያ ሴሎች ሲያገኙ፣ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው የውስጥ መቀስቀሻ ይነቃል። ከዚያ ኢንተርሉኪን 1፣ ቲኤንኤፍ አልፋና ፕሮስታግላንዲን የመሳሰሉ የማስጠንቀቂያ ኬሚካሎች ይረጫሉ። ጥሪውን ሰምተው የሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎች ጠላትን ሊያጠፉ የያዙት ኢንዛይም ድድንና ጥርስን ያያዘውን ኮላጅንም ይቆርጣል። በጤናማ አፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው በድድና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ጥልቀት 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ብሩሽ የማይደርስበትና ኦክስጅን የሚያንሰው ይህ ኪስ ለእነዚያ ባክቴሪያዎች ደግሞ የተመቸ ቤት ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ። አጥንት ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይሠራል። አፍራሾቹ ኦስቲኦክላስት፣ ሠሪዎቹ ኦስቲኦብላስት ይባላሉ። ራንክል የተባለው ፕሮቲን ገና ያልበሰሉ ሴሎችን አፍራሽ ያደርጋቸዋል፤ ኦስቲኦፕሮቴጀሪን ደግሞ ራንክልን ቀድሞ ይዞ ያስቀረዋል። በጤና ጊዜ ሁለቱ ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ። በተቆጣ ድድ ውስጥ ግን የማስጠንቀቂያ ኬሚካሎቹ ራንክልን ያበዛሉ፤ ይባስ ብሎ ቲ እና ቢ የተባሉት የመከላከያ ሴሎች ራሳቸው ያመነጩታል። ሊጠብቀን የተሰለፈው ሠራዊት አፍራሾቹን በገዛ ፊርማው ቀጠረ ማለት ነው።

ጉዳቱን የሚወስነው የራሳችን ሰውነት ምላሽ ለመሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ከስሪላንካ የሻይ እርሻዎች የመጣው ነው። እዚያው ሎኤ የመሩት ቡድን የጥርስ ሕክምና የማያገኙና ጥርሳቸውን የማያጸዱ 480 ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመው ውጤት 8 በመቶው በሽታው በፍጥነት ጎዳቸው፣ 81 በመቶው በመጠኑ፣ 11 በመቶው ግን ከድድ መቆጣት አላለፉም። ቆሻሻው የሁሉም ነበር፤ የሰውነታቸው ምላሽ ግን ለየቅል።

ምላሹን ከሚያባብሱት ዋነኞቹ ስኳር በሽታና ሲጋራ ናቸው። ሲጋራ የድድ መድማትን ስለሚቀንስ አጫሹ ደህና ነኝ ብሎ ይዘናጋል።

ሕክምናው ከድድ በታች የተጋገረውን ቆሻሻ ከሥሩ ማጽዳት ነው። መቆጣቱ ይበርዳል፤ የጠፋው አጥንት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ከጽዳቱ ጎን አንዳንድ ሐኪሞች ዶክሲሳይክሊን 20 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ያዝዛሉ። መጠኑ ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም፤ የሚፈለገው ኮላጅን ቆራጩን ኢንዛይም እንዲያግድ ነው።

ታዲያ ራንክልን ራሱን ለምን አናግደውም? ዴኖሱማብ የተባለው መርፌ ይህንኑ ያደርጋል፤ የሚሰጠው ግን በዋናነት ለአጥንት መሳሳት ነው። የማፍረሱ ሥራ ሲታፈን አጥንት ራሱን ማደስም ስለሚሳነው፣ አልፎ አልፎ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት ሳይድን ይቀርና ይሞታል። መርፌውን የሚወስድ ሰው ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ መናገር አለበት። በራሱ ፈቃድ ማቋረጥም የለበትም፤ ድንገት ሲቆም የአከርካሪ ስብራት ሊያስከትል ይችላል።