«እዚያ እኮ ሰው አይኖርም»፦ ስለ አፋር የሚባለውና እውነታው

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ሁለት ሌሊት ከስልኬ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል አደርኩ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ አልፎም ሕንድ መድረሱን፣ የሕንድ አየር መንገዶች በረራ መሰረዛቸውን ወዲያው ሰማሁ። በተራራው አካባቢ በአፍዴራ ወረዳ ያሉ አርብቶ አደሮች እንዴት እንዳደሩ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ከየምስሉ ሥር የተደረደረው አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፦ «ደግነቱ እዚያ ሰው አይኖርም።»

አፋር ውስጥ ሎጊያ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት እንግዳ እየያዝኩ ኤርታሌና ዳሎል ወርጃለሁ። ይህን ነገር ከፈረንጅም ሰምቼዋለሁ፤ አጥንቴ ድረስ የሚሰማኝ ግን ከአገሬ ሰው በአማርኛ ስሰማው ነው።

ሰው ይኖራል። ያን ጊዜ አመዱ የወደቀው የፍየልና የግመል ግጦሽ ላይ ነበር፤ አመድ የለበሰ ሣር ደግሞ መኖ አይሆንም። በአገራችን ገበያ የሚሸጠው የገበታ ጨው አብዛኛው የሚወጣው ከዚያው ከአፍዴራ ነው። ዛሬ ምሳ የበላ ሁሉ እዚያ የሚኖር ሰው የደከመበትን ቀምሷል።

ስለ አፋር በሚሠሩ ቪዲዮዎች ላይ የሚለጠፈው «ሕይወት የሌለበት ምድር» የሚለው ርዕስ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመራማሪዎች ቡድን ዳሎል ላይ ካሉት ኩሬዎች እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ውስጥ ሕያው ተሕዋስ አላገኘንም አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን «አይ፣ የሕይወት ምልክት አግኝተናል» ብሎ ጻፈ። የሚከራከሩት በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ነገር፣ ያውም ስለ ጥቂት ኩሬዎች ውኃ ነው። ወሬው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኩሬው ምድር ሆነ፣ ተሕዋሱም ሰው ሆነ።

«የዓለም ሞቃቱ ቦታ» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ዳሎል የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው፣ ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነው የዓመት አማካይ ሙቀቱ ነው። የአንድ ቀን ከፍተኛ ሙቀት ክብረ ወሰን የተመዘገበው አሜሪካ ውስጥ ነው። የዳሎል ክብረ ወሰን ደግሞ «ሰው በሚኖርበት ቦታ» ተብሎ የተጻፈ ነው። ይህን እየጠቀሱ ሰው የለም ማለት እንዴት ይቻላል?

አንዱን ጉዞ አልረሳውም። ቪዲዮ የሚሠራ ደንበኛ ይዤ ዳሎል አቅራቢያ ያለችው መንደር ሃመድ ኤላ ደረስን። ድሮኑን አስነስቶ ማያውን ሲመለከት አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ገባችበት። «መኪናው ጀርባ ትንሽ ትቆይልኝ» አለኝ። ከፋይ ነውና ነገርኳት። ዛሬም ይቆጨኛል። እሷ ግን ጀሪካኗን አውርዳ በመኪናው ጥላ ተቀመጠችና እንደ ወጉ ዳጉ፣ የአፋርን የዜና ልውውጥ፣ ጀመረችኝ፦ ከየት ነው የመጣችሁት፣ መንገድ ላይ ምን አያችሁ፣ ምን ሰማችሁ። ተራዋ ሲደርስ የጉድጓዱ ውኃ መቀነሱን ነገረችኝ፤ ይህን ራሷ አይታለች። በረሃሌ በኩል ዝናብ መጣሉን ነገረችኝ፤ ይህን ትናንት ከዚያ ከመጣ ዘመዷ ሰምታለች። ያየችውንና የሰማችውን አንዴም አልቀላቀለችም። ቪዲዮው ከወራት በኋላ ሲወጣ እሷ የለችበትም። ርዕሱም ያው «ሕይወት የሌለበት ምድር» ነው።

ዳጉን «ወሬ» ብለው የሚተረጉሙም አሉ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ፣ ብዙ ጊዜም ተቀምጦ ዜና ይለዋወጣል። የውኃው፣ የግጦሹ፣ የሰላሙ ነገር የሚታወቀው በዚህ ስለሆነ፣ አጣምሞ የተናገረ ሰው በኅብረተሰቡ ፊት ተጠያቂ ነው። ሐሰተኛ ዳጉ ይዞ መንጋውን ወደ ደረቀ ጉድጓድ የነዳ ሰው ከብቱን ያጣልና።

«ሃይሊ ጉቢ ከ12,000 ዓመት በኋላ ነቃ» የሚለውም ስህተት ነው። በዚያ ዘመን ውስጥ ፈንድቶ እንደሆነ የሚያሳይ መረጃ አልተመዘገበም ማለት ነው እንጂ አልፈነዳም ማለት አይደለም። ተራራው በቅጡ አልተጠናም።

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 አፋር ውስጥ ባለው ዶፈን ተራራ አካባቢ ከመሬት እንፋሎትና ጭቃ ሲወጣ ደግሞ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተባለ። የሌላ አገር የቀለጠ ድንጋይ ምስል ተለጥፎበት ለእኔም ደረሰኝ። ሰዉን ከቤቱ ያስወጣው የመሬት መንቀጥቀጡ ነበር። አዋሽ ፈንታሌ ያለችው አክስቴ ያን ጊዜ ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ታድር ነበር፤ ለእኔ የሚደወልልኝ ግን «ላቫው የት ደረሰ?» ለማለት ነበር።

«አፋር ሁሉ በረሃ ነው»? አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነስቶ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በፊት ግን አውሳን ያጠጣል። ጥጥ ያበቅላል፤ ክረምት ላይ ሞልቶ ሰው የሚያፈናቅልበት ጊዜም አለ። «ድርቅ» እየተባለ ሲጻፍ ጎርፍ የወሰደውን ሰው የሚያስታውስ የለም።

«ዳናኪል» ከውጭ የተሰጠ ስም ነው። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው አፋር ብሎ ነው።

«አፋር እንግዳ ይገድላል» ለሚለው ሁሌ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1875 አውሳ ላይ የሞተው የስዊዘርላንድ ተወላጁ ቨርነር ሙንዚንገር ነው፤ «አሳሽ» ይሉታል። ሰውየው የመጣው የግብፅን ጦር እየመራ ነው። አገሩን ሊይዝ የመጣን ጦር የመከተ ሕዝብ እንግዳ ገደለ አይባልም።

ስለ አፋር ልትጽፉ ወይም ልትቀርጹ የምትመጡ፦ የቦታውን ስም ከካርታ ሳይሆን ከነዋሪው ጠይቁ። ጨው የሚቆርጠውን ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ስሙን ጠይቁት፣ በቀን ስንት እንደሚያገኝም ጠይቁት። ያያችሁትን አየሁ፣ የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ ጻፉ። ሰው ከምስላችሁ ውስጥ ከገባ ይቆይ። ጀሪካን የተሸከመችን እናት መኪና ጀርባ አታስቁሙ፤ ውኃውን ቤት ሆና የምትጠብቅ ሌላ ልጅ ትኖራት ይሆናል።