ዲኮራ፦ ኖርዌጂያኖች ያልቆረቆሯት የኖርዌጂያኖች ከተማ

አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት፣ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ ዲኮራ የምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ አለች። ከ1967 ጀምሮ በየሐምሌው የኖርዌጂያኖች በዓል ይከበርባታል፤ ባንዲራው፣ የባህል ልብሱ፣ ጭፈራው ሁሉ የኖርዌይ ነው። ስለ አጀማመሯ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የቆረቆሯት ኖርዌጂያኖች ናቸው»

አይደሉም። በ1849 መጀመሪያ የሰፈሩት ዴይ የሚባሉ ከቨርጂኒያ የመጡ ቤተሰብ ናቸው። ኖርዌጂያኖቹ የደረሱት በዓመቱ ነው። ስሟም ቢሆን ከኖርዌይ አልመጣም። ሆ-ቸንክ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መሪ ከነበረው ከዋኮን ዲኮራ የተወሰደ ነው።

«ሰው የሌለበት ጠፍ መሬት ነበር»

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ሆ-ቸንኮች ራሳቸው ከዊስኮንሲን ተገፍተው በ1840 ገደማ ወደዚህ አካባቢ እንዲመጡ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። ስምንት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይኖሩ፣ በ1848 እንደገና ተነሱ ተብለው በወታደር ታጅበው ወደ ሚኒሶታ ተወሰዱ። ዴይዎች ጓዛቸውን ያራገፉት በቀጣዩ ዓመት ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ብቻ! ሕዝቡ ተባሮ የመሪው ስም ለከተማዋ ቀረ። ይሄን ሳይጠቅሱ ስለ ታታሪ ሰፋሪዎች ብቻ ማውራት ታሪኩን ከወገቡ ቆርጦ መጣል ነው።

«ከኖርዌይ ተነስተው በኤሊስ ደሴት በኩል ገቡ»

ኤሊስ ደሴት፣ ኒውዮርክ ያለው የስደተኞች መቀበያ፣ የተከፈተው በ1892 ነው፤ ዲኮራ ያኔ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል። የመጀመሪያዎቹ ኖርዌጂያኖች የመጡት ከጎረቤት ዊስኮንሲን ነው። እዚያ ጥቂት ዓመት ኖረው፣ ጥሩው መሬት በሌሎች ሲያዝባቸው ወደ ምዕራብ ገፉ። ከዚያ ወዲህ ከአገር ቤት የመጡት ደግሞ አብዛኞቹ የወረዱት ካናዳ፣ ኩቤክ ወደብ ላይ ነው። መርከቦቹ ሰው አራግፈው ሲመለሱ የካናዳ እንጨት ስለሚጭኑ፣ የመሄጃው ዋጋ ይቀንስ ነበር።

«የተሰደዱት ለሃይማኖት ነፃነት ነው»

ይሄ ወሬ መነሻ አለው። በ1825 ሬስታውራሽን የምትባል ትንሽ መርከብ 52 ሰው ጭና ከኖርዌይዋ የስታቫንገር ከተማ ተነሳች። ብዙዎቹ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች ወይም ለእነሱ የቀረቡ ሰዎች ነበሩ። መንገድ ላይ ሕፃን ተወልዳ ኒውዮርክ ሲደርሱ 53 ሆኑ። መርከቧ ከሕጉ በላይ ሰው ስለጫነች ተያዘች፣ ቅጣትም ተጣለባት፤ በኋላ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ማራቸው።

ከነሱ በኋላ የመጣው ሕዝብ ግን ሉተራን ነው፣ ሉተራን ሆኖም ቀጠለ። እንዲያውም ሉተር ኮሌጅ በ1862 ከዊስኮንሲን ወደ ዲኮራ የመጣው የራሳቸውን ቄሶች ለማፍራት ነበር። አብዛኛውን ሰው ያሰደደው መሬት ነው። ኖርዌይ ውስጥ የሚታረሰው ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ከ1801 እስከ 1865 እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ በጉልበቱ የሚከፍል፣ እኛ ጭሰኛ የምንለው ዓይነት ገበሬ በዝቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት መሬት አንዱ ኤከር (ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት) በ1.25 ዶላር ይሸጣል ሲባል ይሄ ሰው ምን ያድርግ?

«ቶሎ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኑ»

ዲኮራ-ፖስተን የተባለውን ጋዜጣ ብሪኒልድ አኑንድሰን በ1874 በኖርዌጂያንኛ ጀመረው። የተዘጋው በ1972 ነው። 98 ዓመት ሙሉ!

«ገና እንደደረሱ ተመቻቸው»

በታኅሣሥ 1853 ኤሊዛቤት ኮረን ከቄስ ባለቤቷ ጋር ዲኮራ አጠገብ ዋሽንግተን ፕሬሪ ደረሰች። የተማረች፣ ከደህና ቤት የወጣች ወጣት ሙሽራ ናት። ለቄሱ የሚሆን ቤት ገና አልተሠራም። ስለዚህ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ገበሬዎች አስጠጓቸው። ቤቱ የግንድ ጎጆ ነው፣ አራት በአምስት ሜትር ገደማ፣ አንድ ክፍል። ስድስት ሰው የበረዶውን ወራት በዚያ አሳለፈ። የሁለቱን ቤተሰብ አልጋ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነበር። ኤሊዛቤት ያን ጊዜ የጻፈችው የቀን ማስታወሻ እስከዛሬ ይነበባል። ጎጆዋንም ቬስተርሃይም የተባለው የከተማዋ ሙዚየም ጠብቆ አቆይቷታል።